ተንደርበርድ ሲንቀራፈፍባችሁ፣ ኮምፒውተሩን ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ሰላም ለሁላችሁም። ኢሜይላችሁን ስትከፍቱ መስኮቱ ነጣ ብሎ ቀጥ የሚልባችሁ፣ አንድ መልእክት ነክታችሁ እስኪከፈት ድረስ ሌላ ስራ የምትጀምሩ፣ ስትጽፉ ፊደሉ ከጣታችሁ ኋላ ቀርቶ የሚመጣባችሁ ሰዎች ይሄ ለናንተ ነው። የማወራው ስለ ተንደርበርድ ነው፣ የሞዚላው የኢሜይል ፕሮግራም፣ በፈረንጆቹ 2004 የመጀመሪያው ቨርዥን ከወጣ ጀምሮ ነጻ ስለሆነ እኔ የማውቃቸው ትንንሽ ቢሮዎችና በግላቸው የሚሰሩ ሰዎች ብዙዎቹ እሱን ነው የያዙት። አውትሉክ ለምትጠቀሙም ወደ መጨረሻው ትንሽ ነገር እላለሁ።

ይሄን ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንድ ነገር አለ። የማውቃቸው የሒሳብ ባለሙያ አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ለዓመታት ከደንበኞቻቸው ጋር የተጻጻፉት በሙሉ ተንደርበርድ ውስጥ ነበር። ኢንቦክሳቸው ሲንቀራፈፍባቸው ኮምፒውተሩን ለጥገና ወሰዱት፣ እዛ ያለው ልጅ "ማሽኑ አርጅቷል ዊንዶውሱም ተበላሽቷል" አላቸውና ፎርማት አደረገው። ዴስክቶፕና ዶክመንት ላይ ያለውን ገልብጦ አስቀምጦላቸው ነበር፣ ኢሜይሉ ግን እዛ አይቀመጥም፣ አካውንታቸው ደግሞ ፖፕ (ኢሜይሉን ወደ ኮምፒውተሩ አውርዶ ብዙ ጊዜ ከኢሜይል ሰጪው ሰርቨር ላይ የሚያነሳ አሰራር) ስለነበር ሰርቨሩ ላይ የቀረ ኮፒ የለም። ደረሰኙ፣ ውሉ፣ የግብር ደብዳቤው፣ ሁሉም ሄደ። በኋላ ምን ምን እንደሚያደርግባቸው ሲነግሩኝ ምልክቱ በሙሉ አሁን ከታች የምነግራችሁ፣ ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ሊያስተካክለው የሚችል ነገር ነበር። እስከዛሬ ያናድደኛል።

እና መጀመሪያ የማይሰራውን ልንገራችሁ። ተንደርበርድን አንኢንስቶል አድርጎ መልሶ ኢንስቶል ማድረግ ለዝግመት ብዙ ጊዜ ምንም አይጠቅምም። ምክንያቱም ፕሮግራሙ ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ ኢሜይሎቻችሁ፣ ሴቲንጋችሁ፣ አድኦኑ (በላዩ ላይ የምትጭኑት ተጨማሪ)፣ ሁሉም ፕሮፋይል የሚባል ለብቻው የሆነ ፎልደር ውስጥ ነው ያለው። ፕሮግራሙን ስታጠፉት ፕሮፋይሉ አይነካም፣ መልሳችሁ ስትጭኑት ያንኑ የከበደውን ፕሮፋይል አንስቶ ይቀጥላል፣ እናንተም "አዲስ ጭኜው እንኳን አልተሻለውም፣ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ነው" ትላላችሁ። አይደለም።

ለምን እንደሚከብድ ከገባችሁ ግማሹን ስራ ጨርሳችኋል፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ተንደርበርድ በተለመደው አሰራሩ እያንዳንዱን ኢሜይል ለየብቻው ፋይል አድርጎ አያስቀምጥም። አንድ ፎልደር ማለት አንድ ፋይል ነው። ኢንቦክሳችሁ ውስጥ 20,000 መልእክት ካለ 20,000ውም አንዱ ከአንዱ ኋላ ተደርድሮ አንድ ረጅም ፋይል ውስጥ ነው ያለው፣ አታችመንቱም ጭምር። የእድር መዝገብ አስቡ፣ ጸሐፊው አንድ ወፍራም ደብተር ላይ ከላይ ወደታች ይጽፋል፣ አንድ አባል ሲወጣ ገጹን አይቀድም፣ ስሙ ላይ መስመር ይሰርዝበታል እንጂ። ተንደርበርድም ዲሊት ስትሉት እንደዛ ነው የሚያደርገው። መልእክቱ ከዓይናችሁ ይጠፋል፣ ፋይሉ ውስጥ ግን መስመር ተሰርዞበት ቦታውን እንደያዘ ይቀመጣል። ከኢንቦክስ ወደ ሌላ ፎልደር ስታዛውሩም ያው ነው፣ አዲሱ ፎልደር ላይ ይጻፋል፣ አሮጌው ላይ የተሰረዘው ይቀራል። ስለዚህ ስክሪናችሁ ላይ 300 ኢሜይል ብቻ የሚታይበት ኢንቦክስ ከስሩ 6 ጊጋ ሊሆን ይችላል፣ እና ፕሮግራሙም አንቲቫይረሱም ያን ሁሉ ተሸክመው ነው የሚንቀሳቀሱት።

አታችመንት ደግሞ ባለበት መጠን አይቀመጥም። በኢሜይል ሲላክ ወደ ጽሁፍ ተቀይሮ ስለሚሄድ ሲሶ ያህል ይጨምራል፣ 10 ሜጋ የሆነ ፒዲኤፍ ፋይላችሁ ውስጥ ከ13 ሜጋ በላይ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ስካን የተደረገ ሰነድ እየተቀባበላችሁ የምትሰሩ ከሆነ ፋይሉ በምን ፍጥነት እንደሚያብጥ አስቡት።

እሺ አሁን ወደ ስራው። ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ባክአፕ። ይሄን የምትዘሉት ከሆነ ቀሪውን አትሞክሩት ብል ይሻላል። ከላይ በቀኝ በኩል ያሉትን ሶስት መስመሮች ንኩ፣ ሄልፕ ውስጥ ግቡ፣ ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን የሚለውን ክፈቱ፣ እዛ ላይ ፕሮፋይል ፎልደር የሚል አለ፣ ጎኑ ላይ ያለውን ኦፕን ፎልደር ስትሉት ፕሮፋይላችሁ ይከፈትላችኋል። (አሮጌ ቨርዥን ላይ ያላችሁ ሶስቱ መስመር ቦታው ሊለያይባችሁ ይችላል፣ ኦልት የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ ላይኛው ሜኑ ይወጣል፣ ሄልፕን ከዛ ታገኙታላችሁ።) ከዛ ተንደርበርድን ሙሉ በሙሉ ዝጉት፣ አንድ ደረጃ ወደኋላ ተመለሱና ያን ፎልደር እንዳለ ኮፒ አድርጋችሁ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ሳትዘጉት ኮፒ ማድረግ ጥሩ አይደለም፣ እየተጻፈበት ያለ ፋይል ተበላሽቶ ሊገለበጥ ይችላል።

እዛው እያላችሁ አንድ ነገር እዩ። ፕሮፋይሉ ውስጥ ሜይል የሚል ፎልደር እና አይማፕሜይል የሚል ፎልደር አለ። አካውንታችሁ ሜይል በሚለው ውስጥ ካለ ፖፕ ነው ማለት ነው፣ ኢሜይሎቹ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ስለዚህ በጣም ተጠንቀቁ። አይማፕሜይል ውስጥ ከሆነ አይማፕ ነው ማለት ነው፣ ዋናው ኮፒ ሰርቨር ላይ ነው ያለው፣ ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው ግልባጩ ነው። ሎካል ፎልደርስ የሚባለውም ሜይል ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ እሱም ሰርቨር ላይ የለም። ውስጡ ገብታችሁ ፋይሎቹን በመጠን ደርድሯቸው፣ ማራዘሚያ (ከስሙ ቀጥሎ ከነጥብ በኋላ የሚመጣው ፊደል) የሌላቸው ኢንቦክስ፣ ሴንት፣ ትራሽ ምናምን የሚሉ ፋይሎች ታያላችሁ፣ ትልቁ የትኛው እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ በሽታው ያለው ብዙ ጊዜ እዛ ነው። አደራ ከዛ ፎልደር ውስጥ እነዚህን ፋይሎች በእጃችሁ እንዳታጠፉ፣ እነሱ ራሳቸው ናቸው ኢሜይሎቻችሁ።

ቀጥሎ ችግሩ ኔትወርክ ላይ ነው ወይስ ኮምፒውተሩ ላይ የሚለውን መለየት ነው፣ ይሄ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ግን ብዙ ሰው አያደርገውም። ፋይል ሜኑ ውስጥ (ካልታያችሁ ኦልትን ተጫኑ) ኦፍላይን የሚል አለ፣ እሱ ስር ወርክ ኦፍላይን በሉት። አሁን ተንደርበርድ ከኢንተርኔት ጋር ተለያይቷል። እስቲ ፎልደር ቀያይሩ፣ የድሮ መልእክት ክፈቱ፣ አዲስ መልእክት ጽፋችሁ እዩት። ኦፍላይን ሲሆን ቀለል ብሎ ከፈጠነ ችግሩ ኔትወርኩ ወይም ከሰርቨር ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ኦፍላይን ሆኖም እንደዛው ከተንቀራፈፈ ችግሩ እዛው ዲስካችሁ ላይ ነው፣ ኢንተርኔት ብትቀይሩ ፓኬጅ ብትጨምሩ ለውጥ የለውም። ከዛ ወደ ኦንላይን መመለሱን እንዳትረሱ፣ አለዚያ ኢሜይል አይገባም።

ዲስኩ ላይ ከሆነ መጀመሪያ የሚደረገው ኮምፓክት ነው። በመዝገቡ ምሳሌ ብንሄድ ኮምፓክት ማለት ጸሐፊው አዲስ ደብተር ገዝቶ ያልተሰረዙትን ስሞች ብቻ ገልብጦ አሮጌውን ደብተር መጣል ነው። ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ኮምፓክት የሚለውን ትነካላችሁ፣ ወይም ፋይል ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ኮምፓክት ፎልደርስ ትሉታላችሁ። ከዛ በፊት ግን ትራሹንና ጀንኩን ባዶ አድርጉት፣ ትራሽ ላይ ራይት ክሊክ፣ ኤምፕቲ ትራሽ። ያው ከማጥፋታችሁ በፊት እዛ ውስጥ የሚፈለግ ነገር አለመኖሩን አንዴ ቃኘት አድርጉት፣ ትራሽን እንደ መሳቢያ የሚጠቀሙ ሰዎች አውቃለሁ።

ምሳሌውን የሰጠኋችሁ ያለምክንያት አይደለም፣ ከሱ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ አዲሱ ደብተር እስኪያልቅ ሁለቱም ደብተሮች ጠረጴዛው ላይ ናቸው፣ ስለዚህ 5 ጊጋ የሆነ ኢንቦክስ ኮምፓክት ለማድረግ ዲስኩ ላይ 5 ጊጋ ያህል ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ሲ ድራይቫችሁ ቀይ ሆኖ ሞልቶ ከሆነ ኮምፓክቱ አይሳካም፣ መጀመሪያ ፊልሙን ምኑን ወደ ሌላ ቦታ አዛውሩና ቦታ ስሩ። ሁለተኛ፣ ግልበጣው መሀል ላይ መብራት ቢሄድ ነገሩ ሊበላሽ ይችላል። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ያለ ዩፒኤስ የምትሰሩ ከሆነ ባክአፑ ለምን ቅድሚያ እንዳልኩ አሁን ይገባችኋል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀር ተሰክቶ ጀምሩት። ትልቅ ፎልደር ከሆነ ጊዜ ይወስዳል፣ ከታች በኩል ባለው መስመር ላይ እየሰራ መሆኑን ይጽፍላችኋል፣ እስኪጨርስ አትንኩት፣ ቆመ ብላችሁ በታስክ ማናጀር እንዳትገድሉት። ሻይ ጠጥታችሁ ኑ።

ተንደርበርድ ራሱ አንዳንዴ "የጠፉ መልእክቶችን ከዲስክ ላይ ላጽዳ ወይ" የሚል ጥያቄ ያወጣል አይደል፣ ብዙ ሰው ዲሊት የሚል ቃል ሲያይ ኢሜይሌን ሊያጠፋብኝ ነው ብሎ ይፈራና ኖ ይለዋል፣ በየቀኑ እየመጣ በየቀኑ ኖ። ጋሼም እንደዛ ያደርጉ እንደነበር ነግረውኛል። የሚያጸዳው እናንተ ራሳችሁ ከዚህ በፊት ያጠፋችሁትን ብቻ ነው። የስ በሉት። ሴቲንግስ ውስጥ ጄነራል ላይ ወደታች ስትወርዱ ዲስክ ስፔስ የሚል ክፍል አለ፣ ስንት ሜጋ የሚተርፍ ሲሆን ኮምፓክት ያድርግ የሚለውን እዛ ላይ ታስተካክላላችሁ።

ኮምፓክት አድርጋችሁም ኢንቦክሱ አሁንም ትልቅ ከሆነ ያው በእውነትም ብዙ ኢሜይል አላችሁ ማለት ነው፣ መከፋፈል ያስፈልጋል። በኔ ልምድ አንድ ፎልደር ከአንድ ሁለት ጊጋ ባያልፍ ጥሩ ነው፣ የድሮዎቹ ቨርዥኖች 4 ጊጋ ላይ ጭራሽ ይዘጉ ነበር። ለመከፋፈል ቀላሉ መንገድ አርካይቭ ነው። የድሮዎቹን መልእክቶች ምረጡ፣ ለምሳሌ ካለፈው ዓመት በፊት ያሉትን፣ ከዛ ኤ የሚለውን ፊደል አንዴ ተጫኑ፣ በቃ፣ ራሱ በዓመተ ምህረት በዓመተ ምህረት ፎልደር እየከፈተ ያስገባቸዋል። በአንዴ 20,000 አትምረጡ፣ ሺህ ሁለት ሺህ እያላችሁ ሂዱ። ሲጨርስ ኢንቦክሱን እንደገና ኮምፓክት፣ ምክንያቱም የተዛወሩትም መስመር የተሰረዘባቸው ሆነው እዛው ናቸው። ይሄን ሁለተኛውን ኮምፓክት የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፣ "ሁሉንም አዛውሬው እንኳን አልቀለለም" የሚለው እሱ ነው።

አርካይቩ የት እንደሚሄድ ደግሞ እዩ፣ አካውንት ሴቲንግስ ውስጥ ኮፒስ ኤንድ ፎልደርስ የሚል ላይ አለ። ሎካል ፎልደርስ ላይ ካደረጋችሁት አይማፕ አካውንት ቢሆንም ኢሜይሉ ከሰርቨር ላይ ይነሳና ኮምፒውተራችሁ ላይ ብቻ ይቀራል። ስልካችሁ ላይም አታገኙትም። ለጂሜይል የ15 ጊጋ ነጻ ቦታው ሲሞላባችሁ እንደዛ ማድረግ ይጠቅማል፣ ግን ከዛ በኋላ ባክአፑ የናንተ ኃላፊነት ነው።

ኮምፓክቱ አልቆ አንድ የተወሰነ ፎልደር ብቻ ለመክፈት የሚያስቸግር ከሆነ፣ ወይም ዝርዝሩ ላይ ርዕስ አንድ ሆኖ ስትከፍቱት ሌላ መልእክት የሚመጣ ከሆነ፣ ማውጫው ነው የተበላሸው። ከእያንዳንዱ የኢሜይል ፋይል ጎን ተመሳሳይ ስም ያለው መጨረሻው ኤምኤስኤፍ የሚል ትንሽ ፋይል አለ፣ የመዝገቡ ማውጫ ማለት ነው፣ የትኛው መልእክት የት ቦታ ላይ እንደሚጀምር የሚናገር። ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዛ ሪፔር ፎልደር። ማውጫውን ጥሎ አዲስ ይሰራል። አይማፕ ከሆነ ዝርዝሩን ከሰርቨር እንደ አዲስ ስለሚያወርድ በሞባይል ዳታ ላይ ሆናችሁ ትልቅ ፎልደር ላይ እንዳታደርጉት፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሂዱ።

ከዚህ ሌላ አንድ ትልቅ ማውጫ ደግሞ አለ፣ ላይኛው ሰርች ቦታ ላይ ቃል ስትጽፉ ከሁሉም ፎልደር የሚፈልግላችሁ። ፕሮፋይሉ ውስጥ ስሙ ግሎባል በሚል ቃል የሚጀምር፣ ሜሴጅስ የሚል ያለበት፣ መጨረሻው ኤስኪውላይት የሆነ ፋይል ነው። እሱ ሲበላሽ ወይም ሲያብጥ ተንደርበርድ ስራ ፈትቶ ተቀምጦ እንኳን ፋኑ ሲጮህ ትሰማላችሁ። ተንደርበርድን ዝጉ፣ ያን ፋይል ብቻ አጥፉት፣ ክፈቱት፣ ራሱ አዲስ ይሰራል። ከላይ ፋይል አታጥፉ ካልኩት ነጻ የሆነው ይሄ ብቻ ነው፣ ውስጡ ኢሜይል የለም፣ የመፈለጊያ ማውጫ ነው። አዲሱን እስኪሰራ ግን ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፣ በዛን ጊዜ ከበፊቱም ብሶ ይዘገያል፣ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። ቱልስ ውስጥ አክቲቪቲ ማናጀር ብትከፍቱ የት እንደደረሰ ያሳያችኋል። ማታ ስትወጡ ከፍታችሁት ብትሄዱ ጠዋት አልቆ ታገኙታላችሁ። ያን ሰርች ጭራሽ የማትጠቀሙ ከሆነና ማሽናችሁ ደከም ያለ ከሆነ ሴቲንግስ ጄነራል ውስጥ ኢንዴክሰሩን ማጥፋትም ይቻላል።

አንቲቫይረስ። በኔ ግምት ከኮምፓክት ቀጥሎ ትልቁ ጉዳይ ይሄ ነው። አንድ ትንሽ ኢሜይል በገባ ቁጥር ኢንቦክስ የሚለው ፋይል ተቀየረ ማለት ነው፣ ፋይሉ ሲቀየር አንቲቫይረሱ ሊመረምረው ይነሳል፣ ፋይሉ ደግሞ 3 ጊጋ ነው። በቀን 100 ኢሜይል ለሚገባው ሰው ምን እንደሚሆን ገምቱ። ከዚህ የባሰው አንቲቫይረሱ ከኢሜይሎቹ በአንዱ ውስጥ ቫይረስ ሲያገኝ ፋይሉን ሙሉ በሙሉ ኳራንቲን ሊያደርገው (ከቦታው አንስቶ ሊቆልፍበት) ይችላል፣ ያኔ አንድ ኢሜይል ሳይሆን ሙሉ ኢንቦክሳችሁ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ አንቲቫይረሳችሁ ውስጥ ገብታችሁ የተንደርበርድን ፕሮፋይል ፎልደር ኤክስክሉዥን (አንቲቫይረሱ የማይመረምራቸው ዝርዝር) ውስጥ አስገቡት። የዊንዶውሱን ዲፌንደር የምትጠቀሙ ከሆነ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ፣ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን፣ ማኔጅ ሴቲንግስ፣ ከታች ኤክስክሉዥን፣ አድ፣ ፎልደር። አደገኛ አይደለም ወይ ለምትሉ፣ አታችመንት ስትከፍቱ ተንደርበርድ መጀመሪያ ሌላ ጊዜያዊ ቦታ ላይ አውጥቶት ነው የሚከፍተው፣ እዛ ላይ አንቲቫይረሱ ያገኘዋል። ይሄ ማለት ግን ከማታውቁት ሰው የመጣ ነገር ክፈቱ ማለት አይደለም።

አድኦን የጫናችሁ ደግሞ እሱን ፈትሹ። ሄልፕ ውስጥ ትራብልሹት ሞድ የሚል አለ፣ እሱን ስትሉት አድኦኖቹን በሙሉ አጥፍቶ ይከፈታል። እንደዛ ሆኖ ከፈጠነ ጥፋተኛው አንዱ አድኦን ነው፣ በተለመደው መንገድ ከፍታችሁ አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ታገኙታላችሁ። ስክሪኑ የሚንቀጠቀጥ ወይም ስትስክሮሉ የሚቆራረጥ ከሆነ ደግሞ ሴቲንግስ ጄነራል መጨረሻ አካባቢ ሃርድዌር አክስለሬሽን የሚለውን ምልክት አንስታችሁ ሞክሩት፣ አሮጌ ግራፊክስ ካርድ ያላቸው ላፕቶፖች ላይ ለውጥ ሲያመጣ አይቻለሁ።

አሁን ኦፍላይን ሲሆን ለሚፈጥንላችሁ። ጂሜይልን ተንደርበርድ ላይ ያስገባችሁ ሰዎች አንድ የማታዩት ነገር አለ፣ ኦል ሜይል የሚባለው ፎልደር። ጂሜይል ላይ ፎልደር የለም፣ ሌብል ነው ያለው፣ አንድ መልእክት ኢንቦክስ ውስጥም አለ ኦል ሜይል ውስጥም አለ፣ ተንደርበርድ ግን ሁለት የተለያየ ፎልደር ነው ብሎ ሁለቴ ሊያወርደው ይችላል፣ ሌላ ሌብል ካለው ሶስቴ። ዳታችሁ የት እንደሚሄድ ግራ ገብቷችሁ ከነበረ አንዱ መልስ እዚህ ነው። አካውንት ሴቲንግስ፣ ሲንክሮናይዜሽን ኤንድ ስቶሬጅ፣ አድቫንስድ፣ እዛ ላይ ኦል ሜይል ላይ ያለውን ምልክት አንሱ። እዛው ገጽ ላይ ደግሞ ሁሉንም ከማውረድ ይልቅ የቅርቡን ብቻ አውርድ የሚል አለ፣ 30 ቀን ወይም 3 ወር በሉት፣ የድሮው ሰርቨር ላይ ስላለ ስትፈልጉት ያኔ ይወርዳል። በዳታ ለሚሰራ ሰው ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው። ፖፕ ላይም ሆነ አይማፕ ላይ ያላችሁ ግን እዚህ አካባቢ ያሉትን የማጥፊያ አማራጮች አትነካኩ፣ እዛ ላይ የምታጠፉት ዋናውን ነው።

ሶስት አራት አካውንት ያላችሁ እያንዳንዱን በየደቂቃው እንዲፈትሽ አድርጋችሁት ከሆነ ወደ 10 ወይም 15 ደቂቃ መልሱት፣ ሰርቨር ሴቲንግስ ላይ ነው።

መላክ የሚዘገይባችሁ ደግሞ ይሄን እዩ። 8 ሜጋ አታችመንት ስትልኩ ተንደርበርድ መጀመሪያ ወደ ተቀባዩ ይልከዋል፣ ከዛ ያንኑ መልእክት እንደገና ሰርቨሩ ላይ ያለው ሴንት ፎልደር ውስጥ ይጭነዋል። ሁለት ጊዜ ማለት ነው፣ አፕሎድ ደግሞ ከዳውንሎድ የሚብስባችሁ ሰዎች አላችሁ። ጂሜይል የላካችሁትን ራሱ ሴንት ውስጥ ስለሚያስቀምጥ የተንደርበርዱ ሁለተኛ ኮፒ አያስፈልግም፣ ኮፒስ ኤንድ ፎልደርስ ላይ ኮፒ አስቀምጥ የሚለው ላይ ምልክት ካለ ለጂሜይል አንሱት። ለሌላ የድርጅት ሰርቨር ግን እንዲህ ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ለራሳችሁ ልካችሁ ሴንት ውስጥ መግባቱን በዌብ በኩል አረጋግጡ፣ አለዚያ የላካችሁት ማስረጃ አይኖራችሁም።

ስትጽፉ በየጥቂት ደቂቃው ቆም የሚልባችሁ ከሆነ ድራፍቱን ራሱ እያስቀመጠ ነው፣ ድራፍቱም ሰርቨር ላይ ከሆነ ትልቅ አታችመንት ያለበትን መልእክት በየ5 ደቂቃው እየጫነ ነው ማለት ነው። ድራፍት ፎልደሩን ሎካል ፎልደርስ ላይ አድርጉት፣ ወይም መጀመሪያ ጽሁፉን ጨርሳችሁ አታችመንቱን መጨረሻ ላይ አስገቡ። ሁለተኛውን እኔ ልማድ አድርጌዋለሁ።

ማሽኑን በተመለከተ፣ ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ ታስክ ማናጀር ስትከፍቱ ዲስክ የሚለው 100 ፐርሰንት ላይ የሚቆም ከሆነና ኮምፒውተሩ የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ከሆነ፣ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣኑ ዲስክ) ላይ አውጡት፣ ራም ከመጨመር በፊት። ለኢሜይል ፕሮግራም ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ፕሮፋይሉን ፍላሽ ላይ ወይም ከክላውድ ጋር ሲንክ በሚያደርግ ፎልደር ውስጥ ያስቀመጣችሁ ደግሞ አውጡት፣ ፋይሉ ትንሽ በተቀየረ ቁጥር ሲንኩ ይነሳበታል።

አውትሉክ ላይ ላላችሁ፣ ነገሩ በብዙው አንድ ነው። የመረጃ ፋይሉ ፒኤስቲ ወይም ኦኤስቲ ይባላል፣ ከ2010 ቨርዥን ወዲህ 50 ጊጋ ድረስ ይይዛል ግን ከዛ በጣም ቀድሞ ነው የሚከብደው። መጀመሪያ ሴፍ ሞድ ላይ ክፈቱት፣ ከፈጠነ አድኢን ነው፣ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድኢንስ ውስጥ ገብታችሁ የማታውቁትን አጥፉ። ካልፈጠነ ፋይሉን ኮፒ አድርጋችሁ ስካንፒኤስቲ በሚባለው ከኦፊስ ጋር አብሮ በሚመጣው መጠገኛ አስመርምሩት።

ሁሉንም ሞክራችሁ ተንደርበርዱ አሁንም እንዳለ ከሆነ አዲስ ፕሮፋይል ክፈቱ። ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን ገጽ ላይ አባውት ፕሮፋይልስ የሚል ሊንክ አለ፣ እሱን ስትከፍቱ ክሪኤት ኤ ኒው ፕሮፋይል ይላል። አይማፕ ከሆነ አካውንቱን ከነፓስዎርዱ አስገቡ፣ ሁሉም ከሰርቨር ይመጣል። ሎካል ፎልደርስ ውስጥ የነበረውን እና የፖፑን ደግሞ ተንደርበርድን ዘግታችሁ፣ ከአሮጌው ፕሮፋይል ማራዘሚያ የሌላቸውን ፋይሎችና መጨረሻቸው ኤስቢዲ የሆኑትን ፎልደሮች (በውስጥ የከፈታችኋቸው ፎልደሮች ያሉባቸውን) ያለ ኤምኤስኤፉ አዲሱ ፕሮፋይል ውስጥ ሜይል፣ ሎካል ፎልደርስ ውስጥ ገልብጧቸው፣ ኢንቦክስ የሚለውን ግን ስሙን ኢንቦክስ አሮጌ ምናምን በሉት እንዳይጋጭ። ስትከፍቱት ማውጫውን ራሱ ይሰራና በሎካል ፎልደርስ ስር ይወጣሉ። የድሮዎቹን ከፍታችሁ፣ አታችመንታቸውንም ከፍታችሁ እስክታረጋግጡ ድረስ አሮጌውን ፕሮፋይል አትሰርዙት፣ ኤክስተርናሉ ላይ ያለውንም ኮፒ ለተወሰኑ ወራት አቆዩት።